መሪጌታ ይርሳውና አርባ አንዱ ጌት

መሪጌታ ይርሳው ስምንተኛ ክፍል የገቡት በሠላሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዋሸራ ወርደው ቅኔ ተቀኝተው፣ መሪጌታ ተብለው፣ ትዳር ይዘው፣ ሦስት ልጅ ወልደው፣ ከዚያ በኋላ!

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ አገሩም ቡሬ ነው። ጠዋት ጠዋት እኛን፣ የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ልጆችን፣ አማርኛና ግብረ ገብ ያስተምሩናል። ከምሳ በኋላ ነጭ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር ይሸጉጡና ስምንተኛ ክፍል ገብተው ከኋላ ወንበር ይቀመጣሉ። ከፊታቸው የሚቀመጡት ደግሞ እነማን ናቸው? ከሦስት ዓመት በፊት «ጽሕፈትህ የዶሮ ጭረት ነው» እያሉ በአለንጋ የሸነቆጧቸው ጎረምሶች! እኛ በመስኮቱ እየተንጠለጠልን እናያለን፤ እርሳቸው ግን ቀና ብለው እንኳ አያዩንም፣ ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ ነው። ያን ጊዜ ያላየሁትን ኋላ ካደግሁ ወዲያ የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ እርሳቸው የዘለሉትን ደግሞ ባለቤታቸው እትዬ ያይኔአበባ ሞልተውልኛል።

ነገሩ የተጀመረው በመስከረም ነው። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር አቶ ሙጬ መሪጌታን ቢሯቸው አስጠርተው አንድ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ፊታቸው ዘረጉ።

«መሪጌታ፣ ይችን ወረቀት በልቼ ብውጣት በወደድሁ» አሉ አቶ ሙጬ። «ግን ቅጂዋ ፍኖተ ሰላም አለች።»

«ምን ትላለች?»

«የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ያላለፈ ሰው ከመጪው ዓመት ጀምሮ አያስተምር ትላለች። በሰኔ ካላለፉ ክፍሉን ለሌላ አስረክብ ትለኛለች።»

«ለማን?»

«ለሚያልፍ ነዋ።»

መሪጌታ ወረቀቱን አዩት። «እንግዲያው አይድከሙ፤ የሚያልፈው እኔ ነኝ» ብለው ወጡ።

ቃሉ እንዲህ ቀላል ነው እንጂ፣ ሁለት ጊዜ በግላቸው ተፈትነው ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። ሒሳቡም አማርኛውም ያልፋል፤ እንግሊዝኛው እግራቸውን ይዞ ይጥላቸዋል። ታዲያ ወድቀው ቢቀሩ ጦም አያድሩም፤ ደብሩ አለ፣ እርሻ አለ። የሚያጡት እኛን ነበር። ቅኔ ቤት ሳሉ ከዛፍ ሥር የሚያስተምሯቸው አምስት ወንዶች ብቻ ነበሩ። እዚህ ግን አርባ ልጅ፣ ከአርባው አሥራ አንዷ ሴት! «ሴት ልጅ እጇን አውጥታ ስትጠይቀኝ ካየሁ ወዲያ ወደ ዛፉ ሥር አልመለስም» ይሉ ነበር። ከአሥራ አንዷ አንዷ እኔ ነኝ፤ ይቅርታ፣ ልቀጥል።

የስምንተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሚስ ሩት ትባላለች፤ በሰላም ጓድ ከአሜሪካ የመጣች፣ ረጅም፣ ጠቃጠቆ ፊቷን የሞላው ልጅ። ይህች ሚስ ሩት አንዲት ቃል ከአፏ አትጠፋም፦ ጌት። መሪጌታ መዝገበ ቃላት ገለጡ፤ «አገኘ» ይላል። ደስ አላቸው፣ ጻፉት። በማግስቱ ሚስ ሩት «ጌት አፕ!» ስትል ክፍሉ በሙሉ ከመቀመጫው ተነሣ። መሪጌታም ተነሡ፤ እየተነሡም «ምን አገኘን?» ይላሉ በሆዳቸው። ቆየት ብሎ ሰማዩ ሲጠቁር በመስኮት አየችና «ኢት ኢዝ ጌቲንግ ዳርክ» አለች። ሰማዩ ደግሞ ምን አገኘ? በዚያ ቀን ብቻ አሥራ ሰባት ጊዜ ቆጠሩባት። መጨረሻ ላይ አልቻሉም፤ ብድግ አሉ።

«ሚስ፣ ይህ ግስ ከየትኛው ቤት ነው?»

«ቤት?» አለች ሚስ ሩት። አማርኛዋ ገና ዳዴ ይላል። «ጌት ቤት የለም። ጌት... ሁሉ ቤት!»

ጎረምሶቹ ሳቁ። መሪጌታ አልሳቁም። በእርሳቸው ትምህርት፣ ቤት የሌለው ግስ የለም፤ በግዕዝ እያንዳንዱ ግስ አለቃ አለው፣ ቀተለ ካልሆነ ቀደሰ፣ ቀደሰ ካልሆነ ባረከ፣ እያለ ከስምንቱ አርእስት በአንዱ ሥር ያድራል። አለቃውን ካወቅህ ልጁን ታረባዋለህ። መሪጌታም ሁለት ሳምንት ሙሉ ጌትን ከስምንቱ ደጅ አንድ በአንድ እየወሰዱ አንኳኩ። ማንም አላስገባውም።

አንድ ቀን ከእርሻ ሲመለሱ ደጃፍ ላይ ቆመው ሳቁ። እትዬ ያይኔአበባ በርበሬ ሲለቅሙ ነበር።

«ምን ያስቅዎታል፣ አንቱ?»

«ያይኔ፣ ይህ ቃል አለቃ የለውም። ቆሎ ተማሪ ነው! ከደረሰበት ደጅ ቆሞ የዚያን ቤት ይበላል። ጤፍ ያለው ቤት ቢቆም ጤፍ፣ ዳጉሳ ያለው ቤት ቢቆም ዳጉሳ። እኔ ቤቱ ተቀምጬ ስጠብቀው መቼ ይመጣል?»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ልከተለዋ። አኮፋዳዬን አውርጂልኝ።»

እትዬ ያይኔአበባ የያዙትን በርበሬ ጣሉት። አኮፋዳ ማለት ተማሪ በየደጁ የለመነውን ቁራሽ የሚይዝበት የሣር ከረጢት ነው፤ መሪጌታ የተባለ ሰው እንደገና አያነሣውም፤ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው እንደገና ዳዴ እንደማይል ሁሉ።

«አበስኩ ገበርኩ! ሦስት ልጅ ወልደው ሊለምኑ?»

«እንጀራ መች እለምናለሁ! ቃል ነው የምለምነው።»

«እንጀራ ቢለምኑ ይሻለኝ ነበር፤ እሱስ ለሰው ይገባል» አሉ እትዬ ያይኔአበባ። ግን አወረዱላቸው፤ አቧራውንም አራገፉላቸው።

መጀመሪያ የሄዱት ስልክ ቤት ነው። ስልኩን የምታገናኘው ባንቺአየሁ የምትባል ቀልጣፋ ሴት ነበረች። መሪጌታ ከደጁ ቆመው አኮፋዳውን ትከሻቸው ላይ አድርገው በተማሪ ዜማ ለቀቁት፦

«በእንተ ስማ ለማርያም! ስለ እመብርሃን፣ አንዲት ጌት!»

ባንቺአየሁ የጆሮዋን ማዳመጫ ይዛ ብቅ አለች። «መሪጌታ! ምን ነካዎ? ይግቡ እንጂ፣ ደጅ ምን አቆመዎ?»

«ለማኝ ከደጅ ነው። ፈረንጆቹ ሲደውሉልሽ ጌት የምትል ቃል ሰምተሻል?»

«ኧረ በቀን ሃምሳ ጊዜ! የመንገድ ሥራ ፈረንጆች ሲደውሉ ‹ጌት ሚ ፍኖተ ሰላም› ይሉኛል።»

«ፍኖተ ሰላምን አግኚልኝ?»

«አገናኚኝ ነዋ፣ መሪጌታ! ፍኖተ ሰላም መች ጠፋችና ነው የማገኛት!»

«ቆይ፣ ቆይ፣ አትሩጪብኝ። ከፊቱ ምን አለ? ከኋላውስ? ያለ ቤቱ አልቀበልም።»

እርሷ ስትናገር እርሳቸው ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ አጥፈው አኮፋዳው ውስጥ ጣሉት። መስመሩ እንቢ ሲል ፈረንጆቹ የሚሉትን ሌላ ጌት ደግሞ ጨመረችላቸው። መሪጌታ እጅ ነሡ። «እግዜር ይስጥልኝ። ሰው ሁሉ እንዳንቺ በእጥፍ ቢሰጥ ተማሪ ባልተራበ።»

ቀጥሎ ሾፌር ቢሆነኝን አገኙት። ቢሆነኝ በዚያ ጊዜ በኤንትሬ ፊያት የጭነት መኪና ከደብረ ማርቆስ እህልና ጨው የሚያመላልስ፣ ከዚያ በፊት ከመንገድ ሠሪ ፈረንጆች ጋር የኖረ ሰው ነው። ጎማ ሲቀይር ደረሱበት።

«ጌት?» አለ ቢሆነኝ ከመኪናው ሥር ራሱን አውጥቶ። «የኔታ፣ እኔ በጌት ነው የኖርሁት! ‹ጌት ኢን› ሲሉኝ እገባለሁ። ‹ጌት አውት› ሲሉኝ እወርዳለሁ። ጭቃ ሲውጠኝ ‹ዩ ጌት ስታክ› ብለው ይሰድቡኛል። አንድ ቀን አለቃዬ ‹ጌት ሎስት› አለኝ።»

«እሱስ ምንድን ነው?»

«ጥፋ ማለት ነው። ይኸው ጠፍቼ ቡሬ ተገኘሁ።»

መሪጌታ አራቱንም ጻፉ። በመጨረሻው ግን ወረቀቱን ይዘው «ሲልህ ተቆጥቶ ነበር ወይስ ስቆ?» ብለው ጠየቁት። ተቆጥቶ ነበር። እሱንም ጻፉ።

እንዲህ እያሉ ጥር ሲገባ ሃያ ሦስት ጌት አጠራቀሙ። በመጋቢት መጨረሻ አርባ ሞላ። ሁሉንም እንደ መጽሐፍ ትርጓሜ በዜማ ያወርዱታል፦ ጌት፣ አገኘ፤ አንድም ሆነ፤ አንድም ደረሰ፤ አንድም ገባው፤ አንድም ያዘው፣ በሽታን ነው... እኛ ልጆቹ እንኳ በቃላችን ይዘነው ውኃ ስንቀዳ እናዜመው ነበር።

ወሬው ቤተ ክርስቲያንም ደረሰ። አንድ እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው በቅጥሩ ሲቆም ቄስ ክንፈሚካኤል ጮክ ብለው፦

«ስሙ እንጂ ምእመናን! መሪጌታ ይርሳው ጌታን ትተው ጌትን ያዙ አሉ!»

ሰዉ ሳቀ። ቄስ ክንፈሚካኤል ሳቁን ሲያዩ ጨመሩ። «ዛሬ አኮፋዳው ምን ገባለት? ዳቦ ነው ጌት?»

«ዳቦማ ቢሆን አባ ክንፈሚካኤል እስካሁን አካፍለኝ ብለው ነበር» አሉ መሪጌታ።

አሁን ሳቁ ወደ ሌላ ወገን ዞረ። ቄሱ ግን አልለቀቁም። «ለመሆኑ በስተርጅና የፈረንጅ አፍ ተምረው ምን ሊሾሙ ነው? ጳጳስ?»

«የአራተኛ ክፍል አስተማሪ» አሉ መሪጌታና ጋቢያቸውን አስተካክለው ሄዱ።

በአፍ እንዲህ መለሱ እንጂ ሆዳቸው ተነክቷል። ቤት ገብተው አኮፋዳውን ከምሰሶው ላይ ሰቀሉት፤ ሦስት ቀንም አላወረዱት። በአራተኛው ቀን እትዬ ያይኔአበባ ታናሹን ልጅ አዝለው ከክሊኒክ ተመለሱ፤ ሳል ይዞት ሰንብቶ ነበር። ልጁን አስተኝተው፣ ከመቀነታቸው ጫፍ የተቋጠረች ቁራጭ ወረቀት ፈትተው ሰጧቸው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እኔ እንጃ! የክሊኒኩ ድሬሰር ልጁን አይቶ ለጓደኛው ‹ሂ ኢዝ ጌቲንግ ቤተር› አለው። ጻፍልኝ አልሁት።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዙረው «ከፊቱም ከኋላውም ምን እንዳለ ጠይቄያለሁ» አሉ። «እየተሻለው ነው ማለት ነው አሉ።»

አርባ አንደኛው ጌት ይህ ነው። መሪጌታ አኮፋዳውን አወረዱና እንደገና ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አዲስ ጌት አልተገኘም።

ሚያዝያ ላይ ሚስ ሩት ልክ እንደ ትልቁ ፈተና ያለ ፈተና አዘጋጅታ ሰጠች፤ ጥያቄው ከነአራት ምርጫው፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። መሪጌታ እየተዝናኑ ሠርተው ወጡ። እንዲህ ደስ ያለኝ ፈተና የለም አሉ። በማግስቱ ሚስ ሩት ክፍሉ ሲለቀቅ አስቀረቻቸው። ወረቀታቸው በቀይ ቀለም ደም መስሏል። ከመቶ ሃያ ሁለት!

«ይህ የእኔ አይደለም» አሉ መሪጌታ።

«ያንተ ነው» አለች፤ አንቱ ማለት ገና አልለመደችም። በጣቷ አንዱን ጥያቄ ነካች። «ኤን ከበብህ። ሲንም ከበብህ። እዚህ ሦስት። ለምን?»

መሪጌታ ግራ ገባቸው። «ያስኬዳላ! ሁሉም ያስኬዳል።»

ነገሩ እንዲህ ነው፦ በእርሳቸው ትምህርት አንድ ንባብ ሲተረጎም አንዱ ሊቅ እንዲህ አለ ይባላል፤ አንድም ተብሎ የሌላው ይቀጥላል፤ አንድም ተብሎ የሦስተኛው። አንዱን ይዞ ሌላውን የጣለ ተማሪ የሊቃውንቱን ድካም የናቀ ባለጌ ነው፤ መምህሩ በኩርኩም ያነቃዋል። መሪጌታም ምርጫዎቹን አይተው፣ የሚያስኬዱትን ሁሉ፣ ማንንም ሳይንቁ፣ በጥንቃቄ ከበዋል! ይህንን ቀስ ብለው አስረዷት። ሚስ ሩት አፏን ከፍታ ሰማች፤ ሰምታም አልሳቀችም።

«ቆንጆ ነው» አለች። «ግን አራሚው አያውቅህም። ሁለት ካየ ዜሮ።»

«ሁለቱም ትክክል ቢሆኑም?»

«ቢሆኑም። አንድ ብቻ።»

መሪጌታ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ አላውቅም እያሉ ሲያዝኑ ኖሩ፤ የጣላቸው ለካስ አለማወቃቸው ብቻ አልነበረም፤ ማብዛታቸውም ነበር፤ በሒሳቡና በአማርኛው የሚያስኬደው አንድ ብቻ ስለሆነ አልጎዳቸውም። የፈተና ወረቀት ተመልሶ አይመጣ፣ ማን ይንገራቸው!

ተነሡ። «እስከ ሰኔ ስንት ሳምንት አለን?»

«ስምንት።»

«ይበቃል። ነገ ዓረፍተ ነገር አምጪልኝ። አንድ አንድ ብቻ እንድል አስገድጂኝ።»

አርባ አንድ መልቀም ስድስት ወር ወሰደባቸው፤ አርባውን ጥሎ አንዱን መያዝ ግን ከዚያ ይከብዳል ይሉ ነበር። ሚስ ሩት በየቀኑ አሥር ዓረፍተ ነገር ትጽፍላቸዋለች፤ ጌት ያለበትም፣ ሌላ ቃል ያለበትም። እርሳቸው ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ያነቡታል። እትዬ ያይኔአበባ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ግን አንድና ሁለትን ያውቃሉ።

«እዚህ ላይ ደረሰ ነው» ይላሉ መሪጌታ። «አንድም...»

«አንድ!» ይላሉ እትዬ ያይኔአበባ ጣታቸውን ቀስረው።

«ኧረ አገኘም ቢባል እኮ...»

«አንድ ብያለሁ! ያች ሴትዮ ዜሮ እንድትሰጠኝ ነው?»

«ለእኔ ነው እንጂ የምትሰጠው ላንቺ መች ነው!»

«ለኔ ነው እንጂ! ስምንት ወር ሙሉ የለማኝ ሚስት የተባልሁት እኔ አይደለሁ?»

ያን ጊዜ ዓረፍተ ነገሩን ከፊቱ ጀምረው እንደገና ያነቡታል፤ ከፊቱ ያለው ቃል አንዱን ትርጓሜ ያስወጣል፣ ከኋላው ያለው ሌላውን ያስወጣል፤ የቀረውን ይይዛሉ። መጀመሪያ ሰሞን ከአሥሩ ሦስቱን ነበር ያገኙት። በግንቦት መጨረሻ ስምንት።

በሰኔ ቢሆነኝ እህል በጫነበት መኪና ፍኖተ ሰላም አደረሳቸው። ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜም ወጀት እያሉ በድሮ ስሟ ነበር የሚጠሯት። አዳራሹ ውስጥ ጥምጥም ያለው ሰው እርሳቸው ብቻ ናቸው። የእንግሊዝኛው ወረቀት ሲታደል ከላይ እስከ ታች ጌት ፍለጋ አዩት።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው! አርባ አንድ ለቅመው አንድ ተጠየቁ! ሰዎቹ ዝናቡ ሳይጥል ከተማው ገቡ የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ደረሱ የሚለውን ከበው አለፉ፤ ለዚያች አንድ ደቂቃም አልፈጀባቸውም። ከዚያ የቀረው ሁሉ ለምነውት የማያውቁት ቃል ሆነ። አንዱ ጋ ሲደርሱ ሁለት ምርጫ ቁልጭ ብሎ አስኬደ፤ ቢም ያስኬዳል፣ ዲም ያስኬዳል። እርሳሱ ቢን ከቦ ወደ ዲ ሲወርድ የገዛ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ያዙት። ተቆጣጣሪው መጥቶ «አባ፣ አመመዎ?» አላቸው።

«አላመመኝም ልጄ። ከአንዱ ጋር እየተለያየሁ ነው።»

ከፊቱ አነበቡ፤ ከኋላው አነበቡ። ቢን አጠፉና ዲን ያዙ። እንዲያ እያሉ እስከ መጨረሻው አንድ አንድ ብቻ ከበው፣ ላባቸው ከጥምጥማቸው እየወረደ ወጡ።

ውጤቱ በነሐሴ ፍኖተ ሰላም በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ዝናቡ መንገዱን ስለቆረጠው መሪጌታ ከቡሬ በእግራቸው ገሠገሡ፤ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ነው። ከወረቀቱ ሥር የተሰበሰበው ሰው አሳለፋቸው። ስማቸውን አገኙት፤ ግን አላመኑም። ከስሙ በፊት ያለውን አነበቡ፤ ቡሬ ይላል። ከስሙ በኋላ ያለውን አነበቡ፤ ረዳ ይላል፣ የአባታቸው ስም። ከዚያ በኋላ ያለውን አነበቡ፤ አልፏል ይላል።

«ሌላ ይርሳው ረዳ ከቡሬ ተፈትኖ ይሆን?» ብለው የጽሕፈት ቤቱን ዘበኛ ጠየቁት።

ዘበኛው ጭቃቸውን፣ ጥምጥማቸውንና ዓይናቸውን አየ። «አባ፣ እርስዎ አልፈዋል። ይሂዱና እግርዎን ይታጠቡ» አላቸው።

መስቀል ካለፈ በኋላ ትምህርት ተከፈተ። ክረምቱን በየመንደራችን ከርመን ውጤቱን ያልሰማን እኛ፣ አምስተኛ ክፍል ሆነን አዲሱ አስተማሪ ማን ይሆን እያልን ቁጭ ብለናል። በሩ ተከፈተ። ነጭ ጥምጥም ገባ! ብድግ ብለን ጮኽን፤ አንዳንዱም አለቀሰ። መሪጌታ ምንም እንዳልሆነ ሰው የስም መዝገቡን ገለጡ። በእርሳቸው መዝገብ ሴቶች ከላይ ነበር የሚጻፉት።

«አስካለ ማርያም!» አሉ።

«አቤት!» አልሁ።